ያልነካኋቸው ክሮች

መስከረም 14

ልጄ፣

ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር። ደህና ካልሆንሽ ግን መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ሲሆን ብቻ ነው የሚለግመው፤ ሜዳ ላይማ ከኔ ትቀድማለች።

«ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፍሃል?» ላልሽው፣ ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ በተራ ላስቀምጥልሽ።

አንደኛ፣ ቤታችን ጠባብ ነው። እኔ ስልክ ሳወራ እናትሽ ጓዳ ሆና ነው የምትመልስልኝ። ይሄን ነገር ደግሞ እሷ እንድትሰማው አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ በስልክ የነገርሽኝን ስልኩን ስዘጋው እረሳዋለሁ። ወረቀት ግን ፊቴ ሰክቼ፣ ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ እያሉ ማንበብ እችላለሁ።

ሦስተኛ፣ ጎረቤታችን ጥሩንባ አውቶቡሱን በየሳምንቱ ወደ አንቺ ከተማ ስለሚነዳ፣ ደብዳቤውን እጅሽ ላይ ያደርስልኛል። ጥሩንባ ያልነው ለክላክሱ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ አፉም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ፖስታውን በደንብ አሽጌዋለሁ። አንቺም አሽጊ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ስላፕ አስተምሪኝ፤ ያን የቤዝ ጊታሩን ክር በአውራ ጣት እየመቱ፣ በሌባ ጣት እየነጠቁ የሚጫወቱትን።

አትሳቂ። ያለፈው ቅዳሜ ዕቃ ሰብስበን ስንጨርስ ሻምበል «አንተ ወንድሜ ነህ» ብሎ አስቀመጠኝ። ሻምበልን ታውቂዋለሽ፤ የጦር ሰፈር በበሩ እንኳ አልፎ አያውቅም፣ ግን ኪቦርዱ ኋላ ሲቆም ሁላችንንም ያዛል። ወንድሜ የሚለው ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወትበት ሆቴል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቶለታል። ወጣት ነው፤ ሲያወራ እጁን ያጨበጭባል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ፕሮግራም እፈልጋለሁ ብሏል። የኛን ሙዚቃ ሰምቶ ደግሞ «ቤዙ ይተኛል» አለ አሉ።

ይተኛል! ያን ሁሉ ሰርግ ተኝቼ ነው ያስጨፈርኩት?

ሻምበል እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ስላፕ የሚመታ ሰው ነው የሚፈልገው። እስከዚያ ከቻልክ ወንበሩ ያንተ ነው። ካልቻልክ…» ካልቻልኩ ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ የኪቦርዱን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

ልጄ፣ እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነኝ። ሰው የሚጠራኝ «መጋዘን! የፍሬን ሸራ አለህ?» እያለ ነው። ቅዳሜ ማታ ያችን መድረክ ስወጣ ብቻ ነው እኔም እንዳለሁ ትዝ የሚለኝ። እሷን ከወሰዱብኝ የሚቀረኝ የፍሬን ሸራ ነው። እናትሽ ከሰማች ደግሞ «ተገላገልክ፣ አርፈህ ትቀመጣለህ» ትለኛለች። ማረፍ አልፈልግም።

ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። አንቺ ትችያለሽ፤ እዚያ ባንድሽ ውስጥ ስትመቺ የተቀረጸውን ሰምቻለሁ። ቤዝ መጀመሪያ የያዝሽው እኔ ጭን ላይ ተቀምጠሽ ነው። ክንድሽ አልደርስ ሲል አንቺ በቀኝ ክሩን ትመቻለሽ፣ እኔ አንገቱን እይዝልሻለሁ። ግራ እጅሽ እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ብቻዬን በቤቱ ጊታር ሞክሬው ነበር። የከበዱኝን ነገሮች በሌላ ወረቀት ላይ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌያቸዋለሁ። አንቺም በየቁጥሩ መልሺልኝ፤ እንዳይደበላለቅብኝ።

በሩን ቆልፊ። ምድጃውን ካጠፋሽ በኋላ ተመልሰሽ እዪው።

አባትሽ

*

መስከረም 27

አባዬ፣

አልሳቅኩም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ግን «ይተኛል» የሚለው ጋ ስደርስ ተናደድኩ። ያ ልጅ ቤዝና ከበሮ መለየቱን እጠራጠራለሁ።

1. አዎ፣ ማንገቻውን አሳጥረው። ጊታሩ ጉልበትህ ላይ ከተንጠለጠለ አውራ ጣትህ ክሩን በጎን ሊያገኘው አይችልም። ሆድህ ላይ ይቀመጥ። ሆድ እንደሆነ አለህ።

2. የምትመታው በክንድህ አይደለም። በር በቁልፍ ስትከፍት አንጓህ የሚዞረውን መዞር ነው። አንገቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣትህ ጎን አጥንቱ ጎላ ባለበት በኩል ምታና ወዲያው አንሣው። ትኩስ ድስት የነካህ ያህል። ከቆየህበት ክሩን ትገድለዋለህ። «ዱም» ማለት አለበት።

4. መንጠቁ የሌባ ጣት ሥራ ነው። ከቀጭኑ ክር ሥር ጣትህን ጫፉን ብቻ አስገባ፤ አታጥልቀው፣ ይያዝብሃል። ወደ ውጭ ሳብ አድርገህ ልቀቀው። ክሩ ተመልሶ የአንገቱን ብረት ሲገርፍ «ጧ» ይላል። መጀመሪያ ዱም ብቻ፣ ከዚያ ጧ ብቻ፣ ከዚያ ዱም-ጧ። ቀስ ብለህ። አንተ ፍጥነት አያስፈልግህም፤ ምት የምትጠብቅበት ሰዓትህ ከሁላችንም ይበልጣል።

5. ባንዱ ደህና ነው። ሥራ ስለበዛ ነው እንጂ ልመጣ ነበር።

6. እበላለሁ አባዬ። ሁለቴ አትጠይቀኝ፤ ሰባት ላይም ይሄንኑ ነው የጠየቅከው።

ለእማዬ ምንም አልናገርም።

ልጅህ

*

ጥቅምት 9

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጥሩንባ ሲሰጠኝ «ወፍራም ነው፣ ምን ብላህ ነው?» አለኝ። ሰላምታ ነው አልኩት። «ይሄ ሁሉ?» አለ።

መጋዘኑ ውስጥ የምለማመድበትን ዘዴ ልንገርሽ። የጭነት መኪና ቺንጋ፣ ያን የሞተር የጎማ ቀበቶ፣ የመደርደሪያው ሁለት ብረት ላይ ወጥሬ አውራ ጣቴን እሱ ላይ አሰለጥነዋለሁ። ድምፅ የለውም፣ ግን ጎማው መልሶ ያነጥርሻል፤ ልክ እንዳልሽው ትኩስ ድስት። አለቃዬ አንድ ቀን ገብቶ አየኝ። «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ። «ጥራቱን እየፈተሽኩ» አልኩት። «ጎበዝ» ብሎኝ ወጣ።

የእስካሁኑን በተራ ላስታውቅሽ። ዱም መጥቷል። ጧ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጣቴን ይዞ ያስቀረዋል። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። እናትሽ ስትጠይቀኝ ካርቶን ቆረጠኝ አልኳት። «ካርቶን አውራ ጣት ብቻ መርጦ ይቆርጣል?» አለችኝ።

አሁን አንድ ነገር። ሦስተኛውን ዘለልሽው።

ምናልባት ወረቀቱ ታጥፎ አላየሽው ይሆናል፤ ስለዚህ እደግመዋለሁ። እኔ አንዱን ክር ስመታ ሌሎቹ፣ ያልነካኋቸው፣ አብረው ይጮኻሉ። አንድ ውሻ ሲጮኽ የሰፈሩ ሁሉ እንደሚነሣው። ዱም ካልኩ በኋላ ኡኡታው አይቆምም፤ ጧ ሲመጣ በጩኸት መሃል ነው የሚገባው። አንቺ ስትመቺ የሰማሁት ግን ንጹሕ ነበር። ዱም፣ ከዚያ ባዶ፣ ጧ፣ ከዚያ ባዶ። ያ ባዶ ከየት ነው የሚመጣው? የክሩ ጥፋት ነው? የጊታሩ? የኔ?

ሌላው፣ የደብዳቤሽ ወረቀት ጀርባው ላይ የማላውቀው ሰው የምስክር ወረቀት አለበት፣ ግማሹ ጠቁሮ። የሌላውም ጀርባ የቤት ኪራይ ውል ነው። ሰው ምን ይለናል? ደህና ወረቀት ልላክልሽ?

ሻምበልን ካነሣን፣ እሱ ደህና ነው። ከወትሮው በላይ ይስቅልኛል፤ እሱ ነው የጨነቀኝ።

አባትሽ

*

ጥቅምት 22

አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ጉንፋን ነበረብኝ፤ አሁን ደህና ነኝ፣ ተነሥተህ እንዳትመጣ።

1. ፈንድቶ ከደረቀ ጥሩ ነው፣ ቆዳው ይጠነክራል። ቫዝሊን አትቀባው።

2. አዎ፣ ስትለማመድ ከምት ቆጣሪ ጋር። ከሌለህ የግድግዳውን ሰዓት ስማው።

3. እሱ ከልምምድ ጋር ይጠፋል። ጆሮህን አትስጠው።

4. ወረቀቱ የጓደኛዬ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው፣ የተበላሸውን ትሰጠኛለች። ማንም ምንም አይልህም።

ቸኩያለሁ። ጥሩንባ ክላክሱን እየነፋ ነው።

ልጅህ

*

ኅዳር 2

ልጄ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ትኩስ ነገር ጠጪ። አንገትሽን ሸፍኚ።

እንዳልሽኝ ጆሮዬን ነሣሁት። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ኡኡታው አልጠፋም። አውራ ጣቴ እንደ ጫማ ጠንክሯል፣ ጧ ሳይሳሳት ይመጣል፣ እጄ አይደክምም፤ ግን ያልነካኋቸው ክሮች አሁንም ይጮኻሉ። ማታ ማታ ዘፈኑን ትቼ ጩኸቱን ብቻ እሰማለሁ። እናትሽ «ይሄ ጊታር አመመው እንዴ?» ትላለች። አንዳንዴ ጊታሩን መሬት ላይ አስተኝቼ ራሴን እጠይቃለሁ፣ ምናልባት እኔ ዕድሜዬ አልፎ ይሆን? ከዚያ ደብዳቤሽን አወጣና አነበዋለሁ፣ «ከልምምድ ጋር ይጠፋል» ብለሽኛል። አንቺ ካልሽ ካልሽ ነው። እቀጥላለሁ።

ሻምበል የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ሊሰማኝ ቀጥሮኛል። በሆቴሉ ጊታር ነው። ድራመሩ ሲሚንቶም ይኖራል። ሲሚንቶ አጠገቤ ካለ አልፈራም፤ ያ ሰውዬ ዘንድሮም ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

የቤት ወሬ ከጠየቅሽኝ፣ እናትሽ የጓዳውን መጋረጃ ቀየረች። ቢጫ ነው፣ ቀያይ ወፎች ያሉበት። ራሷ ነው የሰፋችው። ጓዳው ፀሐይ የገባበት መሰለ። ሰሞኑን ደስ ብሏታል፤ ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እህቴን ልጠይቅ እያለች ትወጣለች፣ ያ ጉልበቷም ደረጃውን እሺ ብሏታል። እኔም ደስ አለኝ። ቅዳሜ ካለፍኩ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝም እነግራታለሁ።

በርታ በይኝ። መልስ ሳይደርሰኝ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ግን አንቺ በልብሽ በይ፤ ይሰማኛል።

አባትሽ

*

ኅዳር 12

ልጄ፣

ዛሬ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም። ደህና መሆንሽን አውቄያለሁ።

የሆነውን በተራ እጽፋለሁ። በተራ ካልጻፍኩት ይደበላለቅብኛል።

ቅዳሜ መጋዘኑን ዘግቼ ቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። ሰው ሳይመጣ እጄን ላሟሙቅ ብዬ ነው። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ጽዳቷ ሴትዮ ትወለውላለች። «ጠዋትም ልምምድ ከሰዓትም ልምምድ! መቼ ይድረቅልኝ?» አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም፣ ሳቅ ብዬ አለፍኳት።

ጊታሩ መቆሚያው ላይ ነበር። ሳነግተው ማንገቻው አጠረብኝ፤ ጊታሩ ደረቴ ላይ ወጣ። ክሮቹም ወደ አንገቱ ተጠግተው ዝቅ ተደርገዋል። አንድ ሰው ነካክቶታል አልኩ፣ ግን ቸኩዬ ስለነበር የድምፅ ማጉያውን ከፍቼ አንዴ በአውራ ጣቴ መታሁ።

ዱም። ከዚያ ጸጥ።

ደግሜ ነጠቅኩ። ጧ። ጸጥ።

ልጄ፣ ልናገር፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ያልነካኋቸው ክሮች ዝም አሉ። ችያለሁ አልኩ። «አየሽ፣ ጠፋ፣ ከልምምድ ጋር ጠፋ!» ብዬ ጮክ ብዬ አወራሁሽ፤ ጽዳቷ ዞር ብላ አየችኝ። ቆሜ ሳቅኩ። ከዚያ እጄን ወደ አንገቱ ጫፍ ሳደርስ ለስላሳ ነገር ነካኝ። አየሁት። ክሮቹ ከሚነሡበት አጠገብ፣ አንገቱ ላይ የፀጉር ላስቲክ ክሮቹን አፍኖ ተጠምጥሟል። በጨርቅ የተለበጠ። ቢጫ፣ ቀያይ ወፎች ያሉበት።

ቁጭ አልኩ።

ሲሚንቶ ዱላዎቹን ይዞ ገባ። «ይሄን ማነው ያሰረው?» አልኩት።

«እኔ ድራም ነው የምመታው።»

«ሲሚንቶ!»

«ወንድሜ፣ በናትህ እኔን ከመሃል አውጣኝ።» አንዱን ዱላ በሌላው እየቧጠጠ፣ «ልጅቷ ግን ትመታለች፣ ውሸት ምን ያደርጋል» አለ።

ያ የማይነቃነቀው ሰውዬ መሬት መሬቱን ያያል።

ሻምበል ሲመጣ ፊቴን አይቶ ከበሩ ጀምሮ ማውራት ያዘ። «ልነግርህ ስል ስል…»

«መቼ?»

«እስክትሰማ ድረስ… ማለቴ እስክትለማመድ። ራስህ ሞክረህ ብታየው ይሻላል ብዬ ነው፤ ያኔ ቅር አይልህም። አንተ እኮ ወንድሜ…»

«ወንድሜ አትበለኝ።»

ለካ ፈተናው የተሰጠኝ እንድወድቅበት ነው። ወድቄ፣ አፍሬ፣ በገዛ እግሬ እንድወጣ። ላስቲኩን አልፈታሁትም። ማንገቻውንም አላስረዘምኩትም። ጊታሩን መቆሚያው ላይ መልሼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አሁንም ላንቺ ምክንያት እፈልግ ነበር። እናትሽ ላስቲኩን በጥሩንባ ልካልሽ ይሆናል አልኩ፣ አንቺም እዚያ ሆነሽ ለሻምበል ሰው አበድረሽው ይሆናል አልኩ። ጥሩንባ ደጁ ላይ አውቶቡሱን ሲያጥብ አገኘሁት። «እናትየዋ ለልጅቷ ዕቃ ልካ ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ዕቃ? ዕቃማ አላደረስኩም። እሷኑ አይደል እንዴ ዓርብ ዓርብ…» አለና አፉን በእርጥቡ ጨርቅ ያዘ።

ጥሩንባ እንኳ ዝም ያለበት ነገር! ሰፈሩን በሙሉ የሚያስተዳድረው አፍ ለኔ ሲሆን ተቆለፈ። ደብዳቤዎቼን ኪሱ ውስጥ፣ አንቺን ወንበሩ ላይ አድርጎ ነው ለካ የሚመላለሰው።

እናትሽ አልካደችም። እጇን መቀነቷ ላይ አድርቃ፣ «ልጄን ነው ያየሁት፣ ባንዱን አይደለም» አለችኝ። «ንገሪው ብዬ ለመንኳት። ዛሬ፣ ነገ አለችኝ። የመጋረጃው ጨርቅ ተርፎኝ ነው።» እኔ እህቷ ቤት ናት ብዬ ስንት ቅዳሜ ብቻዬን ምሳ በላሁ።

ወንበሩን መውሰድሽን ልረዳው እችላለሁ። እየተናደድኩ፣ ግን እችላለሁ። ከኔ ትበልጫለሽ፤ ሥራ ሥራ ነው። እዚሁ ከተማ መጥተሽ ደጄን ሳትረግጪ መመለስሽን ግን የት ላስቀምጠው? መደርደሪያ አጣሁለት። እሱም ይቅር። ግራ እጅሽ ሆኜ ነው ያሳደግኩሽ። ሁለቴ ጠየቅኩሽ። ሁለቴ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። እንደ ሁልጊዜው በሌላ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ይሄን አትዝለዪ።

አባትሽ

*

ኅዳር 18

አባዬ፣

አዎ። ሆን ብዬ ነው።

ይሄን መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላ ነገር ከጻፍኩ በኋላ እንዳልሸሸው ብዬ ነው። አሁን የቀረውን ልንገርህ። ምክንያት አይደለም፤ የሆነው ነው።

ባንዳችን ከተበተነ ቆይቷል። ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ጓደኛ የለችኝም፤ እኔ ነኝ። የሰው የምስክር ወረቀት ስገለብጥ ነበር የምውለው። አንተ ለጎረቤቱ «ልጄ እዚያ ትጫወታለች» ስትል ጥሩንባ እየነገረኝ፣ ተበተነ ብዬ ልጽፍልህ አፈርኩ።

ጋሼ ሻምበል የደወለልኝ ያንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት ነው። «አባትሽ ደክሞታል፣ ጣቱን ያመዋል፣ ላንቺ መናገር ከብዶት ነው። ወንበሩን ሌላ ከሚወስደው አንቺ ብትወስጂው ደስ ይለዋል» አለኝ። አመንኩት። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት። እሺ አልኩ፣ ከሆቴሉ ጋርም ፈረምኩ። ከዚያ ጥሩንባ ፖስታህን አመጣ። «ማረፍ አልፈልግም» የሚለው ጋ ስደርስ ጋሼ ሻምበል እንደዋሸኝ ገባኝ።

ያኔ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። በምትኩ ላስተምረው አልኩ፤ ከቻለ እመልስለታለሁ አልኩ። አንደኛውን ጻፍኩ፣ ሁለተኛውን ጻፍኩ፣ ሦስተኛውንም ጻፍኩት አባዬ። በደንብ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ አነበብኩት። ያንተን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ይሄን አንድ ነገር ከያዘ ማንም አያስነሣውም፣ እኔም ወደ ፎቶ ኮፒው እመለሳለሁ አልኩ። ገጹን ቀደድኩና ያለ ሦስተኛው ገለበጥኩት። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸሁህ። ሆቴሉ ደጅ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የጻፍኩት። ጉንፋንም አልነበረብኝም።

ቤት ያልመጣሁት ፊትህን እያየሁ መዋሸት ስለማልችል ነው። በወረቀት ግን ቀለለኝ።

ሦስተኛው መልስ ይሄው። ላስቲኩ ለሰነፍ ነው፣ እኔ ስቸኩል ነው የማስረው። እውነተኛው መልስ ግራ እጅህ ነው። አንዱ ጣትህ ሲጫን ሌሎቹ ቆመው አይዩ። በክሮቹ ላይ ለስለስ አድርገህ አስተኛቸው፤ አትጫን፣ የተኛ ሕፃን ላይ እጅ እንደሚያሳርፍ ሰው። ያ ባዶ የሚመጣው ከዚያ ነው። የክሩም የጊታሩም ያንተም ጥፋት አልነበረም።

አሁን እኔም እንዳንተ ቁጥር ሰጥቼ ልጠይቅህ።

1. አውራ ጣትህ ዳነ?
2. ከእማዬ ጋር ትነጋገራላችሁ?
3. ይቅር ትለኛለህ?
4. ተዪው ካልከኝ ዛሬውኑ እተወዋለሁ። ልተወው?
5. ከመክፈቻው በኋላ ባለው እሑድ ቤት ልምጣ?

ይሄን በሲሚንቶ ነው የላኩት። ጥሩንባን ማየት እንደማትፈልግ ሰምቻለሁ። አሁን ያለሁት ከሆቴሉ ጀርባ ባለው የሠራተኞች ክፍል ነው። መልስህን እዚያ ያመጣልኛል።

ልጅህ

*

ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

መልስ ስለዘገየብሽ ሲሚንቶ ጥፋት የለበትም። ሁለቴ መጥቶ «የሚላክ አለ?» ብሎኝ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ሦስተኛው ላይ እናትሽ ሻይ አቅርባለት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ያው ሲሚንቶ ነው፣ ከተቀመጠ አይነሣም። እሱ እየጠበቀ ነው የምጽፈው።

1. አውራ ጣቴ ድኗል። ግራ እጄንም እንዳልሽው አስተኛሁት። ከሥራ መልስ፣ በቤቱ ጊታር፣ ያለ ላስቲክ። ክሮቹ ዝም አሉ። ምንም አይከብድም ነበር፤ ቢነገረኝ በአንድ ምሽት የምይዘው ነገር ነው። አሁን ስላፕ እችላለሁ። የት እንደምመታው አላውቅም እንጂ።

2. እንነጋገራለን። ጨው አቀብዪኝ፣ መብራቱን አጥፊው፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው። መጋረጃውን ላወርደው ነበር፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ቀለበቱን ከያዝኩ በኋላ ተውኩት። ጓዳው ይጨልማል። ጥሩንባን ጠዋት ጠዋት አገኘዋለሁ፤ ክላክሱን አይነፋልኝም፣ እኔም እጄን አላነሣለትም።

4. አትተዪው። ብትተዪው ሻምበል ሌላ ሰው ያመጣል እንጂ እኔን አይመልሰኝም፤ እኔም የመለሰልኝን አልቀበልም። ከፎቶ ኮፒው ይሻላል። ደግሞ ሰምቼሻለሁ። በመክፈቻው ቀን አልገባሁም፤ በኩሽናው በኩል፣ ባዶ ሣጥኖች የሚደረደሩበት ቦታ ቆሜ ነበር። አንድ አስተናጋጅ «ጋሼ፣ ጠፋብዎት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዱም ሲል ባዶው ንጹሕ ነበር። ሰዉ ተነሣ፤ የወንበሩ ድምፅ ደርሶኛል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከጧ በፊት ወደ ታች የምትወርጂባቸው ድምፆች የኔ ናቸው፤ ጭኔ ላይ ሆነሽ የያዝኩልሽ። እነሱን አልቀየርሻቸውም። አንድ ቦታ ግን ትሮጫለሽ፤ መጨረሻው ላይ ሲሚንቶን ጥለሽው ሄደሽ ነበር። ሰዓቱን ስሚው።

5. የፊታችን እሑድ ነይ። እናትሽ ከአሁኑ ቤቱን ገልብጣዋለች። ጊታር ይዘሽ አትምጪ። ስለ ሻምበል አታውሪኝ። ስትገቢ ብዙ ላልናገር እችላለሁ፤ ታምሞ ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ አልታመምኩም። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበርሽ እዚያው ነው። ማንም አልተቀመጠበትም።

አባትሽ